ስሜን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ



ዛሬ በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ባለፈው እሁድ በቤተ ክርስቲያናችሁ «ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣችሁ እጃችሁን አንሱ» ሲባል እጁን ያነሣው ሰው ስሙ ማን ነበር? እልል ያላችሁለት፣ ያጨበጨባችሁለት፣ ዞር ብላችሁም በፈገግታ ያያችሁት ያ ሰው ዛሬ የት ነው? ያን ዕለትስ ምሳውን ከማን ጋር በላ?

እኔ ብጠየቅ ኖሮ መልስ አልነበረኝም። ብዙ ዓመት የመጋቢ ሚስት ሆኜ ኖሬአለሁ፤ እንግዳ ስለ መቀበልም በሴቶች ጉባኤ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ። ይሁን እንጂ ይህን ጥያቄ በልቤ የተከለው ስብከት አልነበረም። ሆቴል ውስጥ የበላሁት አንድ ምሳ ነበር።

የረቡዕ ምሳ

በሴቶች አገልግሎት አብራኝ የምታገለግል አንዲት የሒሳብ ባለሙያ እህት አለችኝ። የሮታሪ ክለብ አባል መሆኗን ባውቅም ምን እንደሚሠሩ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ጥቂት ስጋትም ነበረኝ። ስለ ሮታሪ በየቦታው የሚወራውን መቼም ሁላችንም ሰምተናል። አንድ ቀን «ለመሆኑ ይህ ማኅበራችሁ ሃይማኖት ነው ወይ?» አልኳት። ሳቀችና «መጥተሽ እዪው» አለችኝ። ናትናኤል ስለ ኢየሱስ ሲጠራጠር ከፊልጶስ ያገኘው መልስ ይኸው ነበርና (ዮሐ. 1፥46) እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ወደሚሰበሰቡበት ሆቴል ደረስን። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ስሜን ጠየቁኝ፤ መዝገብ ላይ ጻፉኝ፤ ስሜ ያለበትን ወረቀት ደረቴ ላይ ለጠፉልኝ። ከጎናቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ የአባላቱ ስም ያለባቸው ባጆች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሲገባ የራሱን አንሥቶ ያደርጋል። ስብሰባው ሊጀመር ሲል ጠረጴዛው ላይ ስድስት ባጆች ቀርተው ነበር። ሽማግሌው አንዱን አነሡና «ይህ ለሁለተኛ ሳምንት እዚሁ አደረ። የደወለለት አለ?» ብለው ጠየቁ። አንዲት ሴት «ልጁ ታሞበታል፤ ዛሬ ማታ ሄጄ አየዋለሁ» አለቻቸው።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ምሳውም ሳይቀርብ ልቤ ተነካ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ስንት እሁድ ቢቀር ነው «የት ገባ?» የምንለው?

ፕሬዚዳንቱ ደወሉን መትተው ስብሰባውን ከፈቱ። እንግዳ ያመጣ ሰው እየተነሣ እንግዳውን አስተዋወቀ። «የመጣችሁ እጅ አንሱ» የሚል አልነበረም። ያመጣችኝ እህት ከጎኔ ተነሥታ ስሜንና አገልግሎቴን ተናገረች፤ እኔ ፈገግ ማለት ብቻ ነበረብኝ። ዕለቱ ረቡዕ ስለ ሆነ የጾምም የፍስክም ምግብ ቀርቧል። በጠረጴዛችን ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ነበርን። ሁሉም በየራሱ ጸልዮ በላ፤ የምሳውንም ሒሳብ እያንዳንዱ አባል ለራሱና ላመጣው እንግዳ ይከፍላል። ስለ ሃይማኖት የሚሰበክበት ቦታ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም አይደለም፤ ነኝም አይልም። የሚነጋገሩት አንድ ትምህርት ቤት ስለሚያስፈልገው የውኃ ታንከርና ማን ምን ያህል እንዳዋጣ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንድ የጥርስ ሐኪም በአባልነት ተቀበሉ። እንዲሁ ዘው ብሎ የመጣ አልነበረም። ስሙን ያቀረበ አባል አለ፤ ቦርዱ አይቶታል፤ አባላቱም አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ሲጠራ ብቻውን አልወጣም። ያቀረበው ሰው አብሮት ወጥቶ ከጎኑ ቆመና ስሙን፣ የት እንዳደገ፣ ምን እንደሚሠራና ለምን አብሯቸው እንዲሆን እንደፈለገ ተናገረ። ፕሬዚዳንቱ የአባልነቱን ግዴታ ገለጡለት፤ ያቀረበውም ሰው በገዛ እጁ ዓርማውን ደረቱ ላይ አደረገለት። ከዚያ ሁሉም ተነሥተው እየተራመዱ በስሙ እየጠሩ ጨበጡት።

ዓርማው ባለ 24 ጥርስ መንኮራኩር ነው። ከአጠገቤ የተቀመጡ አንድ መሐንዲስ መሐሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ስንጥቅ አሳዩኝና «ይህቺን አያችኋት? መንኮራኩሩን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ቁልፍ የሚገባው እዚህ ነው። እርሷ ከሌለች መንኮራኩሩ ዘንጉ ላይ በከንቱ ይሽከረከራል እንጂ ሥራ አይሠራም» አሉኝ።

ሊበተኑ ሲሉ ፕሬዚዳንቱ አዲሱን አባል «በሚቀጥለው ሳምንት በር ላይ ቆመህ እንግዳ የምትቀበለው አንተ ነህ» አሉት። ገርሞኝ ያቀረበውን ሰው «ገና ዛሬ ገብቶ?» ብለው «በር ላይ የቆመ ሰው የሁሉንም ስም በአንድ ቀን ያውቃል። እኔም አብሬው እቆማለሁ» አለኝ።

የብቸኛው ጠበቃ እሁድ

ይህ ሥርዓት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ቤቴ ገብቼ አነበብኩ። ፖል ሐሪስ የሚባል ወጣት ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1896 በትንሽ ከተማ ያደገበትን ኑሮ ትቶ ወደ ቺካጎ ገባ። ከተማዋ ትልቅ ናት፤ ሥራም አለ፤ ወዳጅ ግን የለውም። ብቸኝነቱ ይበልጥ የሚከብደው በበዓላትና በእሁድ ቀን እንደ ነበረ በኋላ ራሱ ጽፏል።

ይህን ሳነብ «እሁድ» የሚለው ቃል ላይ ቆምኩ። የቺካጎ የቤተ ክርስቲያን ደወሎች የሚደወሉት እኮ እሁድ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1900 ሐሪስ ከአንድ የሙያ ባልደረባው ጋር እራት በልቶ በሰፈሩ ሲዘዋወር፣ ሰውዬው ባለሱቆቹን ሁሉ በስማቸው እየጠራ ሲያስተዋውቀው አየ። የትውልድ መንደሩ ትዝ አለው። ይህንኑ ሐሳብ ሲያብሰለስል ቆይቶ የካቲት 16 ቀን 1897 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905) ከአንድ የማዕድን መሐንዲስ፣ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴና ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በመሐንዲሱ ቢሮ ተሰበሰቡ። በየተራ አንዱ በሌላው የሥራ ቦታ ስለሚገናኙ ስሙ ሮታሪ ተባለ፤ እየዞረ የሚሄድ ማለት ነው። በቁጥር ሲበዙ ቢሮ አልበቃቸውም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በምሳ ሰዓት መሰብሰብ ልማድ ሆነ። ዛሬ ከ200 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት። ከአራት ሰዎች ተነሥቶ ማለት ነው።

ወዳጅነቱም በወዳጅነት ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1985 ልምሻ የሚያመጣውን ፖሊዮ ከዓለም ለማጥፋት ታላቅ ዘመቻ ጀመሩ። እኛ እናቶች በየበራችን ቆመን ለልጆቻችን የተቀበልነው የፖሊዮ ጠብታ ከመንግሥታትና ከዓለም የጤና ድርጅት ጋር የሮታሪ አባላትም የደከሙበት ነው። የአፍሪካ ክልል ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኑ እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2020 ተረጋገጠ። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰው የእሁድ ብቸኝነት ተነሣ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሰባት እሁድ

ከዚያ ምሳ በኋላ ጥቂት ሳምንታት አልፈው ነበር። ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ወጣት ሴት ወደ እኔ መጥታ ሰላም አለችኝ። «አወቁኝ?» አለች። ፊቷን አየሁት፤ ከየት እንደማውቃት አልመጣልኝም። እንደ ልማዳችን «እንዴት አላውቅሽም! ደህና ነሽ? ቤተሰብ ደህና ነው?» አልኩ። ሳቀች፤ ክፋት አልነበረባትም።

«ከደሴ ለሥራ የመጣሁ ጊዜ እናንተ ጋር ሰባት እሁድ ተካፍያለሁ። የመጀመሪያው ቀን አቅፈው ሳሙኝ፤ ስሜንም ጠየቁኝ፤ ስልኬንም ጻፉ። በጣም ደስ አለኝ። በአምስተኛው እሁድ ደግሞ በር ላይ አገኙኝና ‹እንኳን ደህና መጣሽ! ስምሽ ማን ነው? ለመጀመሪያ ጊዜሽ ነው?› አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት እሁድ መጣሁ።»

«አሁንስ የት ትካፈያለሽ?» አልኳት።

«ቤቴ ሆኜ ስብከት እሰማለሁ» አለችኝ።

ውድ አንባብያን፣ ምን ማለት እችል ነበር? ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ስልኳንም እንደገና ተቀበልኩ። ቤቴ ስደርስ የመጽሐፍ ቅዱሴን የመጨረሻ ባዶ ገጽ ገለጥኩ። ቁጥሯ ስሟ ተጽፎበት እዚያው ነበር። ከእርሷ በታች ዘጠኝ ሌሎች ስሞች አሉ። አንዳቸውም ዘንድ አልደወልኩም ነበር። የእግዚአብሔርን ቃል በያዘው መጽሐፍ ጀርባ አሥር ነፍሳትን ጽፌ ዘግቼባቸዋለሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «አገልግሎት ስለሚበዛብኝ ነው» ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ። ግን ደግሞ ያ በር ላይ የቆሙት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። እርሳቸው የሚያስቡት ስለ አንዲት ባጅ ነበር።

ፕሮስላምባኖ

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 15፥7 ክርስቶስ እኛን እንደተቀበለን እኛም እርስ በርሳችን እንድንቀባበል ያዝዛል። እዚያ ያለው የግሪክ ቃል ፕሮስላምባኖ ይባላል። ትርጉሙ አንድን ሰው ይዞ ወደ ራስ ማስጠጋት፣ ወደ ቤትና ወደ ኅብረት ማስገባት ነው። በሐዋርያት ሥራ 18፥26 አቂላና ጵርስቅላ አጵሎስን ወደ ራሳቸው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥርተው ሲገልጡለት ቃሉ ይኸው ነው። ጳውሎስ ፊልሞናን አናሲሞስን እንደ እኔ አድርገህ ተቀበለው ሲለውም (ፊልሞና 17) ይኸው ነው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሐዋርያት ሥራ 28፥2 ነው። መርከቧ ተሰብራ ጳውሎስና አብረውት የነበሩት ሁሉ በዝናብና በብርድ ሲንቀጠቀጡ፣ የመላጥያ ደሴት ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው። እዚህም ቃሉ ያው ነው። ወንጌልን ገና ያልሰሙ ሰዎች ለሐዋርያው ሲያደርጉለት ሉቃስ በዚያው በክብሩ ቃል ጻፈላቸው። እንግዲህ መንፈስ ቅዱስ የመላጥያን ሰዎች ደግነት ሳይንቅ ካስጻፈልን፣ እኛም ከሆቴል ምሳ አንድ ነገር ብንማር አያሳፍርም።

በርናባስንም አስቡት። ሳውል ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ሁሉም ፈሩት። በርናባስ ግን ይዞ ወደ ሐዋርያት አስገባው፤ አጠገቡ ቆሞም ታሪኩን ተረከለት (ሐዋ. 9፥26-27)። ሳውል እጁን አንሥቶ ብቻውን አልቆመም። የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ቆመ። ያ አንድ ሰው ባይኖር ኖሮ ብዬ ሳስብ ይገርመኛል።

እኛ ሰዎችን በአባላት መዝገብ እንጽፋለን፤ ትምህርት እናስተምራለን፤ እናጠምቃለን። መልካም ነው። ነገር ግን ከአንድ ሰው ጋር እንኳ ያልተያያዘ ምእመን፣ መሐንዲሱ እንዳሉት፣ ስንጥቂቱ የሌላት መንኮራኩር ነው። በጉባኤው መካከል ይዞራል፤ ዘንጉ ግን አይዘውም።

ክለቡ የማይችለው

ይህን ስል ክለቡ ቤተ ክርስቲያንን ይተካል ማለቴ አይደለም። ልዩነቱም ግልጽ ነው። እዚያ የሚጋበዘው ሙያና መልካም ስም ያለው፣ ጊዜና ገንዘብ ማዋጣት የሚችል ሰው ነው። በሩም ለሁሉ ክፍት አልነበረም፤ የሮታሪ ሕግ ሴቶች አባል እንዲሆኑ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ያውም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1987 ክለቦች ሴቶችን እንዲቀበሉ ማዘዝ ይቻላል ብሎ ከፈረደ በኋላ። ያቺ የሒሳብ ባለሙያ እህቴ ከዚያ በፊት ቢሆን ኖሮ ከጠረጴዛው አትቀመጥም ነበር።

የጌታ ማዕድ ግን ከመጀመሪያው የተዘረጋው ምንም ለሌለው ነው። ጌታችን ግብዣ ስታደርጉ መልሰው ሊጋብዟችሁ የማይችሉትን ጥሩ ብሎናል (ሉቃ. 14፥12-14)። ያዕቆብም የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በክብር ስፍራ አስቀምጠን ድሀውን ቁም ብንል ፈራጆች መሆናችንን ይነግረናል (ያዕ. 2፥1-4)። እኛ የሚበልጥ ጥሪ አለን። ታዲያ የሚበልጥ ጥሪ ያለን ሰዎች በአቀባበል ማነሳችን ነው ያሳፈረኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለረጅም ዘመን የሮታሪ ደንብ አባላት በየሳምንቱ እንዲገኙ አጥብቆ ይጠይቅ ነበር፤ የቀረም ሌላ ክለብ ሄዶ ያካክስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ክለቦች የስብሰባቸውን ሁኔታ ራሳቸው እንዲወስኑ ሰፋ ያለ ነጻነት ተሰጥቷቸዋል። እኔም ደንብ አጥብቀን ሰዎችን እናስጨንቅ አልልም። ሰውን የሚይዘው ደንብ አይደለም፤ ሲቀር የሚፈልገው ሰው መኖሩ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ከባለቤቴና ከሽማግሌዎች ጋር ከተነጋገርን በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን አራት ነገር ጀምረናል። እናንተም ብትሞክሩት ትጠቀማላችሁ እላለሁ።

አንደኛ፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው አንድ በርናባስ ይሰየምለታል። ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ ይሆናል። ለሦስት ወር አብሮት ይቀመጣል፤ በሳምንቱ መካከል አንድ ጊዜ ይደውላል፤ በየእሁዱም ቢያንስ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር ያስተዋውቀዋል።

ሁለተኛ፣ እጅ ማስነሣቱን ትተናል። አስተናጋጆቻችን በር ላይ ስም ይጠይቃሉ፤ እንግዳው ከወደደ ከጎኑ የሚቀመጠው ሰው ያስተዋውቀዋል።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው እሁድ ምሳ ለመጋበዝ ተስማምተናል። ድግስ አይደለም። ሽሮም ቢሆን የቤቱ ሰው የሚበላው ይቀርባል። በተለይ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ ቤት ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ወጣቶች እሁድ ከሰዓት እንዴት እንደሚከብዳቸው ልጆቻችሁን ከቤት ያወጣችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ።

አራተኛ፣ አዲሱ ሰው በወሩ ውስጥ ትንሽ ሥራ ይሰጠዋል። ወንበር መደርደር፣ ውኃ ማቅረብ፣ በር ላይ መቆም። ኃላፊነት ሳይሆን ቦታ ነው የምንሰጠው። ለአገልግሎት የሚያስፈልገው ትምህርት በጊዜው ይከተላል።

ቀላል እንዳይመስላችሁ። በርናባስ ሆነው የተሰየሙ ሁለት እህቶች በሁለተኛው ወር ደክሟቸው ተዉት። አንዱ ቤተሰብ «እሁድ እኮ የማርፍበት ቀን ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነው። እኔም ራሴ የምረሳበት ቀን አለ። ስለዚህ ስሞቹን ከመጽሐፍ ቅዱሴ ጀርባ አንሥቼ ማእድ ቤቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኳቸው፤ ቡና ስቆላ አያቸዋለሁ።

እነዚያ አሥር ሰዎችስ? ለሁሉም ደወልኩ። አምስቱን አገኘኋቸው። ሁለቱ በሌላ ቤተ ክርስቲያን ተተክለዋል፤ ጌታ ይመስገን። አንዱ ወደ አገሩ ተመልሷል። አንዲት እህት «አሁን አይመቸኝም» አለችኝና ዘጋችው፤ አልፈርድባትም። የአምስቱን ስልክ ማንም አያነሣውም፤ ስማቸውን እየጠራሁ እጸልያለሁ።

ከደሴ የመጣችው ልጅ ከአምስቱ አንዷ ናት። ተመልሳ እጇን አንሥታ ጌታን አመሰገነች ብዬ ብጽፍላችሁ ደስ ባለኝ። እስካሁን ወደ ጉባኤው አልመጣችም፤ እኔም አልጎተጎትኳትም። ሁለት እሁድ ግን ቤታችን መጥታ ከእኛ ጋር ምሳ በልታለች። የመጀመሪያው ቀን እንደ እንግዳ ተቀመጠች። በሁለተኛው ተነሥታ ከልጄ ጋር ሳህን አጠበች። ስትሄድ በሩ ላይ ቆም አለችና «የሚመጣው እሁድ ምን ይዤ ልምጣ?» አለችኝ።

ስሟን ጠርቼ «ራስሽን ብቻ» አልኳት።

ጌታ ይባርካችሁ።